ክርስትና እስክትነሳ

ጽጌ የክትባት ካርዱን ከወለደች ማግስት ጀምሮ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ሁለት ወር፣ አራት ወር፣ ስድስት ወር። የፈረንጁን ቋንቋ ያስተማራት ትምህርት ቤት አልነበረም። ሰው ትራም ላይ ጥሎት የሚወርደውን ጋዜጣ እየለቀመች፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያጋጨች ነው ያወቀችው። ፓርክዴል በሚባለው ሰፈራቸው ካሉት አበሾች ደብዳቤ ያላነበበችለት የለም፤ ስታነብለት ያልሰደበችውም የለም።

ልጇ ሣራ ኅዳር ላይ ሁለት ወር ሞላት።

"ነገ ክሊኒክ እወስዳታለሁ" አለች ጽጌ እራት ላይ።

የባሏ አጎት ጋሽ ሀብተማርያም እጃቸውን ከማዕዱ ሰበሰቡ። ከሱዳን ካመጧቸው ዓመት አልሞላቸውም፤ በቤቱ ግን ከእሳቸው በላይ ተናጋሪ የለም። "ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ ደጅ አትወጣም። በዚህ ውርጭ? በዚህ ሁሉ ሰው ዓይን?"

"ክትባት ቀኑን ነው የሚያውቀው ጋሼ፤ ዓይን አያውቅም።"

"ዓለሙ፣ ሚስትህ የምትለውን ትሰማለህ?"

ባሏ ዓለሙ ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ ጠባብ ዳስ ውስጥ ከሬዲዮ ጋር ይውላል፤ ሬዲዮው ደግሞ ያን ሰሞን ከኤድስ ሌላ ወሬ አልነበረውም። "መርፌው ማንን ወግቶ እንደመጣ በምን ታውቂያለሽ?" አላት። "ሰው በመርፌ እያለቀ ነው እኮ።"

"ለእያንዳንዱ ሕፃን አዲስ ነው፤ ወግተው ይጥሉታል። ያላየኸውን አታውራ!"

"ሃያ ቀን ነው የቀራት፣ ጽጌ። ሃያ ቀን ምን ያመጣል?"

ሃያው ቀን አለፈ። የሚያጠምቋት ቄስ ግን ከአሜሪካ ነበር የሚመጡት፤ በረዶ መንገድ ዘጋባቸውና ለጥር አሸጋገሩት። ሰማንያው መቶ ሆነ።

በዚህ መሀል የሰፈሩ ነርስ ስልክ ደወለች። "ቤቢዋ የሁለት ወሩን ክትባት ወሰደች?"

ጽጌ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች። ምን ልትል ነው? ቄስ ቀረብን? ባሌ ሬዲዮ ሰምቶ ፈራ? እሷ፣ የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የምታነበው፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ልትመከር?

"ወስዳለች" አለች፣ በጠራ እንግሊዝኛ።

"ጎበዝ እናት! መውጣት ያልቻሉትን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ነው የምከትበው" አለችና ነርሷ ዘጋች።

ጽጌ ስልኩን ወዲያው አላስቀመጠችም። መልሳ መደወል ትችል ነበር። ነገ፣ አለች በልቧ። ነገም እንዲሁ አለች።

ጋሽ ሀብተማርያም ማሳል ከጀመሩ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። "ብርድ ነው" ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ሣራን ታቅፈው ዳዊት ይደግሙላታል፣ ደጅ ካለው ክፉ ሁሉ እንዲጠብቃት። ሳል መዝሙሩን ሲያቋርጥባቸው በልጅቷ አናት ላይ ይስላሉ። ጽጌ እያየች ታልፋለች። ክትባቱ የሚከላከለው ትክትክ የልጅ በሽታ ነው፤ ሽማግሌም ይዞት እንደሚዞር የለቀመችው ጋዜጣ አልነገራትም።

ሣራ መጀመሪያ አስነጠሳት። በሳምንቱ ሳል ሆነ፤ ከዚያ እየሳለች ከንፈሯ እንደ ቀለም ጠቆረ። በታክሲ ሆስፒታል አደረሷት፣ ሦስቱም። ያን ቀን ደጅ አትወጣም ያለ አልነበረም።

ልጅቷን ከመስታወት ወዲያ አስተኟት። ወጣቱ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ ወጣ። "ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?"

"ምን አለ?" አሉ ጋሽ ሀብተማርያም።

"ቤት ውስጥ የሚያስለው ማነው ይላል።"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እኔ ነኝ በይው፣ ልጄ። አትውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ይህንንም ንገሪው።"

ጽጌ ለእሳቸው ስንት ቀን ስድብ ስታጠራቅም ከርማ ነበር። አሁን አንዱም አልመጣላት አለ። "እሳቸው ናቸው" አለችው ሐኪሙን።

"ክትባቷን ወስዳለች?"

ዓለሙ ክንዷን ያዘ። "አናውቅም ነበር በይው" አላት በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ። "አገር ለአገር ስንንከራተት የመጣን ሰዎች ነን፤ ማን ይፈርድብናል? አናውቅም ነበር በይው።"

"አልወሰደችም" አለች ጽጌ ለሐኪሙ። "ቀኑን አውቅ ነበር።"

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ጻፈ።

ከመስታወቱ ወዲያ ሣራን ሳሉ እንደገና ጀመራት። ጽጌ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ትቆጥራለች። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሃያ አንድ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ትንፋሽ ጠበቀች። ነርሶቹ ወደ አልጋው ሮጡ፤ እሷ ትጠብቃለች፤ ትንፋሹ አልመጣም።