የጠዋቱ ቃላድ

ማሳዋ ስድስት ተኩል ነው፣ አልኩ እኮ፣ ስድስት ቃላድ ተኩል፣ ከወይራው እስከ ጅረቱ ራሴ ጎትቼ የለካሁት፣ ካራ በኩል የተሰጣት ምትክ መሬትም ስድስት ተኩል ነው፣ እኩል ለእኩል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች ይቺ ኢፍቱ የምትባል ሴትዮ። ዝግባው ሥር ቆማ ዳኛውን ቀጥ ብላ ታየዋለች፣ እኔን አታየኝም፣ እኔ አካሉ እዚህ እንደሌለሁ ነኝ። ከእንጦጦ እስከ የካ ሜዳ መሬት የሚለካ ሰው ሲፈለግ ከእኔ ቀድሞ የሚጠራ የለም፣ ይህ የበሬ ቆዳ ገመድ ትከሻዬ ላይ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንድ ሰው፣ አንድም ሰው፣ አጭበረበርከኝ ብሎኝ አያውቅም።

እሷስ መች አለች። ያንሳል ነው ያለችው።

ወደ እንጦጦ አዲስ መንገድ ይውጣ፣ እሱን ማንም አልካደም፣ እንጦጦ ማርያም እየተሠራች ድንጋዩ በዚያ ዳገት በሰው ጀርባ ሲወጣ ስንቱ ተሰበረ፣ ሠረቀብርሃን ደግሞ ደህና ዳኛ ነው፣ ሆዱ ቢተልቅም ፍርዱ ትክክል ነው፣ መንገዱን የሚቃወም ይምጣ ብሎ አዋጅ አስነገረ፣ ሦስት ቀን እዚህ ዝግባ ሥር ተቀመጠ፣ ነጋዴውን ሰማ፣ ቄሱን ሰማ፣ ባላገሩን ሰማ፣ በገደሉ በኩል ይዙር ላሉትም እስቲ አሳዩኝ ብሎ በእግሩ ወረደ፣ እያለከለከ ተመለሰና ይህንንስ ፍየልም አትወጣው አለ። አለቀ። መንገዱ በኢፍቱ ገብስ ማሳ ላይ ያልፋል፣ ምትኩ በልኩ ይሰጣታል። ልኩን የምናገረው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ምዬ እናገራለሁ፣ እሱም ይፈርዳል፣ ከዚያ እህል ውኃ እንላለን።

በይ ተናገሪ፣ ይላታል ዳኛው።

ጌታዬ መንገዱን አልጠላሁም፣ ትላለች፣ ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፣ ባሌ ከሞተ አራት ክረምት ሆነ፣ አምስት ልጅ የማበላው በዚያች ማሳ ነው፣ ይለፍባት፣ ግን የተሰጠኝ ያንሳል። በምን አወቅሽ። በእግሬ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ አብዝቼ። በእግሯ!

ትናንት ጠዋት የኔ ማሳ ሲለካ ከገመዱ ጎን ሄድኩ ጌታዬ፣ አንዱ ቃላድ ዘጠና ስድስት እርምጃ ሆነ፣ ከሰዓት ካራ ላይም ከገመዱ ጎን ሄድኩ፣ ያው አንዱ ቃላድ ዘጠና ሆነ፣ ስድስቱ እርምጃ የት ገባ፣ በእያንዳንዱ ቃላድ ስድስት ስድስት ሲጎድል የአንድ ልጅ ጉሮሮ ነው። ውሸት ከሆነ ማር እሰጥ፣ አንድ ጉንዶ።

ማሩን ከየት ልታመጣ ነው፣ የላትም፣ ቀፎዋን ልትሸጥ ነው፣ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ፣ አፌ ደግሞ መች ይታገሣል፣ ማር ለተወራረደ ማር ይበቃው ነበር፣ እኔ ግን በቅሎ አገባ፣ ብዬ ጮህኩ። ቡላዋን በቅሎዬን። ዳኛው ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን ጥሎባታል፣ የተረታ የሚያስገባው ለዳኛ ነው፣ አሁን ገና ቀና ብሎ ተቀመጠ። ይየው፣ አያገኛትም፣ ልክ የእኔ ነው።

ደክሟት ነው። ጠዋት እዚህ፣ ከሰዓት ካራ፣ አሮጊት ናት፣ እግሯ ዝሎ ነው፣ ይህን እላለሁ፣ ጌታዬ ደክሟት ነው፣ ሰው ሲደክም እርምጃው ያጥራል፣ ሲያጥር

ቆይ።

ሲያጥር ቁጥሩ ይበዛል። የደከመ ሰው ዘጠና ስድስቱን መቶ ያደርገዋል እንጂ ዘጠና አያደርገውም። ደክማም አነሰ። ማለት ገመዱ፣ የለም፣ ገመዱ ያው ገመድ ነው፣ ይኸው ትከሻዬ ላይ፣ ድርቅ ብሎ አንገቴን ይፍቀኛል፣ ትናንት ጠዋት እንዲህ አልነበረም፣ ጠዋት ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖት፣ ሣሩ ጤዛ፣ ገመዱን በሣሩ ላይ ስጎትተው እንደ ዓሣ ከእጄ ይሙለጨለጭ ነበር፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ረጥቦ ተራግሜያለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ ፀሐዩ፣ ያ የካራ ፀሐይ።

አባቴ። በሬ ከመጥመዱ በፊት የቆዳ ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ስቦ ስቦ ሞፈሩን ከቀንበሩ ያስርበታል፣ አባዬ ለምን ታረጥበዋለህ፣ እለዋለሁ፣ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ይለኛል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ያኔ በሬም አይፈታው። ስድስት ዓመቴ ነበር። አውቀው ነበር። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም፣ እዚህ የቆመው ሁሉ ያውቃል፣ ገመዱ ቃላድ ተብሎ ሲጠራ ግን ሁላችንም ቆዳ መሆኑን ረሳን፣ እኔ ከሁሉም በላይ። ሰባት ዓመት። ስንት ጠዋት ለክቻለሁ።

አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። እምላለሁ፣ ይፈርዳል፣ እሷ ማሯን ታመጣለች፣ እኔ በቅሎዬ ላይ ወጥቼ ዳገቱን እወጣለሁ፣ እሷ ደግሞ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ዘር ስትበትን ከዳሩ ትደርስና ትቆማለች፣ አካሉ ትላለች፣ ስሜን። ስሜን እንደዚያ አድርጎ ማንም አይጠራውም፣ አልፈልግም፣ በቅሎ ሌላ ይገዛል።

አካሉ ማል እንጂ፣ ይላል ዳኛው።

ጌታዬ ከመማሌ በፊት ውኃ ይምጣ።

ጠማህ እንዴ።

ለቃላዱ ነው ጌታዬ፣ እላለሁ፣ ድምፄ የራሴ ድምፅ ነው፣ ደህና ጠንካራ ድምፅ፣ አሁን ደረቁን ዘርግተን በሁለት ዳር ችካል እንትከል፣ ከዚያ ጅረቱ ውስጥ ነክረን እንደገና እንዘርጋው፣ ከችካሉ ካላለፈ እምላለሁ። ማንም አይስቅም። ገበሬዎቹ ገመዱን ማየት ጀምረዋል፣ ገብቷቸዋል፣ አንዱ ግንባሩን ይመታል።

ችካሉን ተክለናል፣ ነክረናል፣ ጠብቀናል፣ እጎትታለሁ፣ ከችካሉ አለፈ፣ ገና ያልፋል፣ ና፣ ና፣ በቃ። እሜቴ ኢፍቱ እርስዎ ይቁጠሩት። ከችካሉ ትነሳለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰዉ አብሯት ይቆጥራል፣ አራት፣ አምስት፣ እኔም እቆጥራለሁ፣ ስድስተኛው ላይ እግሯ ከገመዱ ጫፍ ጋር ቆመ። አሁን አየችኝ።

ተረታሁ ጌታዬ። በቅሎዋን ራሴ ፈትቼ አመጣታለሁ፣ ግራ ጆሮዋን ሲነኳት አትወድም፣ ይህን ለዳኛው እነግረዋለሁ። ካራውን ነገ እንደገና እለካለሁ፣ በእርጥቡ ገመድ፣ እሷ ከጎኔ እየሄደች፣ በየጠዋቱ የለካኋቸውን ማሳዎችም አንድ በአንድ እዞራቸዋለሁ፣ ስንት ቢሆኑ፣ ይሁኑ፣ የእኔ ናቸው። አሁን ወደ ቤት፣ ዳገቱ ረጅም ነው፣ በእግር፣ ገመዱ ትከሻዬ ላይ ገና ይንጠባጠባል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ደህና ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።