የዶሮ ትኩሳት

ምራቲቱ አዲሱን የሙቀት መለኪያ ይዛ ሳሎን ስትገባ አማቷ ጋዜጣቸውን አጥፈው አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸውንም አነሱ፤ ሆስፒታል የከረመ ሰው ልማዱ ነው።

"አባባ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም። የዶሮ ነው።"

"ዶሮም ያተኩሳታል እንዴ?" አሉና አፋቸውን ገጠሙ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሥራ ደክማ ገብታ በጥድፊያ የጠበሰችው የዶሮ ጭን ሽማግሌውን አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። የካንሰር መድኃኒት አቅም ለነሳው ሰውነት ያልበሰለ ሥጋ መርዝ ነው አለቻት ነርሷ፣ ቆጣ ብላ። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም፤ ውስጧ ድንዝዝ ብሏል። እሳቸውም ከሆስፒታል ከተመለሱ ጀምሮ ከእጇ የሚቀምሱት ደረቅ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው። ሌላውን "አላሰኘኝም" ይላሉ። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ በዚሁ ከቀጠሉ ሐኪሙ መልሶ ሊያስተኛቸው ነው።

ወጥ ቤት ተመልሳ የመለኪያውን መርፌ ከምድጃ ባወጣችው የዶሮ ጭን ውስጥ ሰካች። ሰማንያ ዲግሪ አለ። ልታወጣው ስትል ጫፉ አጥንት ላይ ማረፉ ታወቃት፤ አጥንት ደግሞ ያሳስታል። ሳብ አድርጋ ወፍራሙ ሥጋ መሃል ሰካችው። ስልሳ ሦስት። ላዩ እኮ ቡናማ ሆኖ የደረሰ ይመስል ነበር። ምድጃው ውስጥ መለሰችውና ሰባ አምስት እስኪል ቆማ ጠበቀች።

ሳህኑን ስታቀርብላቸው "ስንት አለ?" አሉ።

"ሰባ አምስት። ሰባ አራት ካለፈ አያሰጋም።"

ቆረሱ፤ አላመጡ፤ ደገሙ። ሦስተኛውን ከዋጡ በኋላ ነው የተናገሩት።

"ያን ቀን ጥሬ እንደነበር አውቄያለሁ፣ ልጄ።"

"ምን አሉ?"

"ውስጡ ቀይ ነበር። ደክመሽ የሠራሽውን እንዴት ብዬ ልመልሰው? ይከፋታል ብዬ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ እምቢ ያልኩሽም፣ ቢደገም ያው ዝም ብዬ እንደምበላ ስለማውቅ ነው። ይሄ ዕቃሽ ግን ይሉኝታ የለውም።"

ንዴት ከእግር እስከ ራሷ ወረራት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሷን እንደ ነፍሰ ገዳይ ስትቆጥር ከርማ!

"ለእኔ ብለው ሊሞቱ ነበር እንዴ?" ብላ ጮኸችባቸው። አማቷ ላይ ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነው። እንባዋም አብሮ ዱብ ዱብ አለ።

ሽማግሌው ደንግጠው ሳህኑ ላይ አቀረቀሩ። ጥቂት አሰቡና፣ እንደ ምንም ራሳቸውን አደፋፍረው፣

"ጨው አንሶታል" አሉ።