የሳሙናው አረፋ

አዛውንቱ በያጅ ሙዜ ኮምቦ ቦቴው ላይ በተደገፈ መሰላል ቆመው የብየዳ መከለያቸውን ፊታቸው ላይ ሊያወርዱ ሲሉ፣ ሪዚኪ ከታች እግራቸውን ያዘች።

"አይበይዱት! ውስጡ ይንሾካሾካል።"

"ማን ነው የሚንሾካሾከው? ጂኒ?" አሉ ሽማግሌው ከመሰላሉ ላይ ሆነው። የብየዳ ግቢው ሰው በሙሉ ሳቀ።

ጆሯቸው እንደ ደከመ ከወደቡ ብዙም በማይርቀው በቻንጋምዌ የበያጆች ሰፈር የማያውቅ የለም። አርባ ዓመት መዶሻ የተቀጠቀጠበት ጆሮ ነው። ፊት ለፊት የሚያነሳባቸው ግን አልነበረም፤ ሪዚኪም ብትሆን። "ሴት ልጅ እሳት ትፈራለች" ሲሏቸው፣ "ይቺን እሳቱ ይፈራታል" ብለው ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

የቦቴው ባለቤት ሙቱዋ ሰዓቱን አየ። "ሙዜ፣ እባክዎ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደብ ካልደረስኩ ጭነቱን ለሌላ ይሰጡብኛል። አናቱ ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ናት፤ ድፍን አድርገው ይልቀቁኝ።"

ሪዚኪ ወደ ሾፌሩ ዞረች። "ምን ጭነህ ነበር?"

"ውሃ" አለ ሾፌሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

"የምን ውሃ ነው አፍንጫ የሚያቃጥል?"

"አሲድ ቢሆንስ?" ሙቱዋ ጣልቃ ገባ። "ትናንት አራግፈን አለቅልቀነዋል። ባዶ ነው!"

"ባዶ አይደለም። የውስጥ ልባሱ ተቀዶ፣ የተረፈው አሲድ ብረቱን እየበላው ነው። አሲድ ብረት ሲበላ ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ካገኘ ግን ማናችንም አንተርፍም።"

"የትምህርት ቤቱን ነገር እዚያው ተይው" አሉ ሙዜ ኮምቦ። "እኔ ስንቱን ቦቴ በይጃለሁ! ዞር በይ፣ ልጄ።"

ሪዚኪ አልተከራከረችም። ሮጣ በቆርቆሮ ጣሳ የሳሙና ዱቄት በጠበጠች፤ ጭልፋም ይዛ በቦቴው ሌላ ጎን ባለው መሰላል ወጣችና ውህዱን ስንጥቁ ላይ አፈሰሰችው።

አረፋው ተነሳ። አልቆመም። ክዳኑ እንደ ተዘጋ በፀሐይ ሲጠበስ ያረፈደው ቦቴ፣ እየተነፈሰ አረፋውን የጡጫ ያህል አሳበጠው።

"ባዶ ከሆነ ማን ነው የሚነፋው?" አለች ሪዚኪ።

ከአረፋው አንድ ጭልፋ ቀድታ ወረደች። ከግቢው ወጥታ፣ ከአጥሩ ጀርባ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ በክብሪት ለኮሰችና ፊቷን አዙራ ሰደደችው።

ጧ!

ቁራዎቹ ከዛፉ ላይ በአንድ ጊዜ ተነሱ። ጭልፋው ተገልብጦ ተንከባለለ። ሾፌሩ ሸሽቶ መንገዱን ተሻገረ።

ስትመለስ ሙዜ ኮምቦ መሰላሉ ላይ እንደ ቆሙ ነበሩ፤ የብየዳው መያዣ ከእጃቸው አልወጣም። ቀስ ብለው ወረዱ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሰማው?" አሏት ለራሷ ብቻ።

"ቦቴው ግቢ ከገባ ጀምሮ፣ ሙዜ።"

ሪዚኪ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦ "ግቢው ጫጫታ ነው፤ ማንም ላይሰማው ይችላል።"

ሽማግሌው አላመሰገኗትም። ወደ ማሽኑ ሄደው መሰኪያውን ነቀሉት።

"እና ጭነቴ?" አለ ሙቱዋ። "ለምንስ ቀድመው አልነገሩኝም?"

ሙዜ ኮምቦ የግቢውን ሰው አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፦

"አልሰማሁትማ! ጆሮዬ ከሞተ ቆይቷል" አሉ። "ድምፁ መጥፋቱን እሷ ሰምታ 'በቃ' እስክትል ድረስ ቦቴው ውስጥ ውሃ ሙሉበት።"