እስከ ፋሲካ ብቻ

አሞራ ወዳጅ መባል ማዕረግ አይደለም። ዓዲ ሓቂ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የማስተምር የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ፤ ባልደረቦቼ ግን «የአሞራ እናት» ነው የሚሉኝ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴም «ሰርካዲስ፣ ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?» ትለኛለች። ይበሉ። ከኲሓ ከተማ ወዲያ ካለው ገደል ላይ ጫጩት የሚፈለፍሉትን ጆፌ አሞሮች ሦስት ዓመት ቆጥሬያለሁ። መጀመሪያ ዘጠኝ ጎጆ ነበር። ዘንድሮ የቀረው አንድ ነው፤ ሁለት ወላጅና ገና መብረር ያልቻለ አንድ ልጅ።

የጨረሳቸው መርዝ ነው። ከገደሉ ሥር አቶ እስክንድር የሚባል ሰው ዶሮ ያረባል። ሁዳዴ ሲገባ ከተማው ሥጋ ይተዋል፣ ቄራው ጭር ይላል፣ አሞራው ይራባል። በዚያው ወራት የአቶ እስክንድር ዶሮዎች ለፋሲካ ይደልባሉ። ጭልፊት ጫጩት ይነጥቀዋል፣ ጅብ አጥሩን ይገፋዋል። እሱ ደግሞ የሞተ አህያ ፈልጎ፣ ለተባይ የሚረጨውን መርዝ ይነሰንስበትና ሜዳ ላይ ይጥለዋል። ጆፌ አሞራ ዶሮ አይነካም፤ የሚበላው የሞተ ብቻ ነው። በጭልፊት ጥፋት የሚሞተው ግን እሱ ነው።

ይህን ማድረግ በሕግ የተከለከለ ነው። ለግብርና ቢሮ ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። «ማስረጃ አምጪ» ሲሉኝ የሞተ አሞራ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሜ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊዋ አፍንጫዋን ይዛ አስወጣችኝ።

ሕግ እምቢ ሲለኝ ወደ ግዝት ዞርኩ። ፖሊስ የማይፈራ ሰው የንስሐ አባቱን ግዝት ይፈራል። ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የአቶ እስክንድር ንስሐ አባት ቀሺ ወልደጊዮርጊስ ቤት ሄጄ ለመንኳቸው።

«ለአሞራ ብዬ ሰው ልገዝት?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ከደጃቸው አልነሣ አልኩ። ገደሉ ላይ ስላለው የአሞራ ልጅ ደጋግሜ ስነግራቸው መስቀላቸውን አነሡና አብረን ሄድን።

አቶ እስክንድር የቄሱን መስቀል ተሳለመ፣ እኔን በዐይኑ በላኝ።

«እስከ መቼ ነው የምገዝተው?» ብለው ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ።

እስከ ፋሲካ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ከፋሲካ በኋላ ቄራው ይከፈታል፣ አሞራውም ወደዚያ ይሄዳል፣ ሰውየውም ዶሮውን ሸጦ ይገላገላል ብዬ አሰብኩ። መምህርት ነኛ!

«እስከ ፋሲካ ድረስ መርዝ ብታወጣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘትክ ሁን» አሉት።

«እሺ አባ» አለ። ቃሉንም ጠበቀ። አርባ ቀን ሙሉ አንዲት ቁንጥር መርዝ አላወጣም። በየሳምንቱ እየሄድኩ አይ ነበር፤ ልጁ ክንፉን ማራገብ ጀምሮ ነበር። ደስታዬ ቅጥ አጣ።

የፋሲካ ዕለት ጧት የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደጎረስኩ ስልኬ ጮኸ። የዶሮ እርባታው ዘበኛ ኣያ ገብረዝጊ ነበር።

«መምህርት፣ ሓፍተይ፣ ርሑስ በዓል። ቶሎ ነይ በጃኺ። አህያውን አውጥቶታል።»

«በፋሲካ?»

«ዶሮ ሲጮህ ነው ያወጣው። እንታይ ክገብር፣ ምን ላድርግ፣ ጌታዬ ነው። አሞሮቹ ወርደዋል።»

ገበታዬን ትቼ ወጣሁ። አንድ ባለባጃጅ ከገበታው አስነሥቼ፣ እሱ እያጉረመረመ እኔ እየለመንኩ ደረስን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። አህያው ሜዳው ላይ ተጋድሟል። አጠገቡ ሁለት ውሻና አንድ ቁራ ሞተዋል። ጆፌዋ ክንፏን ዘርግታ በግንባሯ ተደፍታለች። በግራ ክንፏ በጎደለው ላባ አወቅኋት፤ እናቲቱ ናት። አንገቷን ቀና ላደርግ ስሞክር እጄ ላይ ሞተች።

አቶ እስክንድር የበዓል ልብሱን ለብሶ ብቅ አለ። ከኋላው የዶሮ ቤቶቹ በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«ዶሮዎችህስ?» አልኩት። አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ትናንት ተሸጡ። አንድም አልቀረ።»

«ታዲያ መርዙ ምንህን ሊጠብቅልህ ነው?»

«አርባ ቀን እጄን አስረሽ ዶሮዬን ለጭልፊትና ለጅብ አስበላሽኝ። እስከ ፋሲካ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

ይህን ብሎ ተመልሶ ወደ ገበታው ገባ።

ኣያ ገብረዝጊ የሚያስተዳድራቸው አራት ነፍሶች አሉት፤ ቢሆንም ጌታው በመስኮት እያየው አካፋና ዶማ አመጣ። መሬቱ ድንጋይ ነው። «ይሄን እስክንቀብር ይመሻል» አለኝ።

ያኔ ከላይ ጥላ አለፈብን። አባትየው ነው። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረና ከአህያው አሥር እርምጃ ላይ አረፈ። ጆፌ ለልጁ ሥጋ የሚያደርሰው በከርሱ ይዞ ነው። ከበላ ወይ እዚሁ ይሞታል፣ ወይ በርሮ መርዙን ለልጁ ያጎርሰዋል።

«ሂድ!» ብዬ ጮኽኩ። ነጠላዬን አራገብኩ። ዝም ብሎ አየኝ። ሦስት ዓመት እንዳይሸሸኝ ያለማመድኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ክፉ አይጠብቅም። ወደ አህያው ተራመደ።

ድንጋይ አነሣሁ። የመጀመሪያው ሳተው፣ ሁለተኛውም ሳተው። እያለቀስኩ ሦስተኛውን ወረወርኩ፤ ክንፉ ላይ አረፈ። ተንገዳግዶ ተነሣና ወደ ገደሉ ሳይሆን ኲሓ ወዳለው አውሮፕላን ማረፊያ አቅጣጫ በረረ።

እስኪመሽ ቆፈርን፤ አህያውን ቀበርነው። ልጁ ከገደሉ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። አባትየው አልተመለሰም።