ነርሷና አይሳሳትም የተባለው ማሽን

መንግሥትና አንድ ትልቅ ኩባንያ ተስማምተው ጤና ጣቢያው ውስጥ ኮምፒውተር አስገቡ። ሐኪም ዘንድ ማን እንደሚገባ የሚወስነው እሱ ሆነ።

አንድ ጠዋት ፊቷ ያበጠ፣ ራሷን የሚፈልጣት ነፍሰ ጡር መጣች። ኮምፒውተሩ «ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አላት። ሃያ ዓመት ስታዋልድ የኖረችው ነርስ ግን የደም ግፊቷን ለክታ፣ ካርዱ ላይ «አሁኑኑ ሐኪም ይያት» ብላ ፈረመች።

«እህቴ፣ ማሽኑ እኮ አይሳሳትም» አላት የጤና ጣቢያው ኃላፊ።

«እኔ እሳሳታለሁ። ስሳሳት ግን የምትጠይቁት ሰው አለ። እሱ ሲሳሳት ማንን ልትጠይቁ ነው?»

ሴትዮዋ በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና በሰላም ተገላገለች።

ነርሷን ትእዛዝ ጥሰሻል ብለው መዝገብ ቤት ወረወሯት። አልከፋትም ማለት ውሸት ነው፤ አልቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ግን እናቶች ኮምፒውተሩን አልፈው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ «ተራ በተራ ግቡ» አለቻቸው።