ሦስት ጠብታ ስኳር

ቤተሰቡ ከልጅነቷ ጀምሮ "ብሩሽ" ይላታል። ቆሻሻ ካየች እጇ አያርፍም፤ አድጋም የአንድ ትልቅ ሆቴል የጽዳት ኃላፊ ሆነች። ሰው ሲጠይቅ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል፣ እሷ ጓንት ይዛ ትሄዳለች እያለ ወንድሟ ይቀልድባታል። የዚያን እሑድ ግን ጓንቱን ያስያዛት ጸጸት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። ሥራ በዛ፣ መንገዱ ራቀ፣ ልጆቹ ታመሙ። ሰበብ ደግሞ መቼ ይጠፋል!

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድሟ ቤቱ ይከራይና እኔ ዘንድ ጓሮ ካለችው ክፍል ይግቡ ቢል፣ ሽማግሌው አሻፈረኝ አሉ። ክርክሩ ሲከር ጊዜ፣ "እሑድ ለምሳ ኑ፤ ዳቦዬን ቅመሱና ፍረዱ። እጄ ከከዳኝ ሻንጣዬን ራሴ አነሳለሁ" ብለው ቃላቸውን ሰጡ።

ብሩሽ ማልዳ ስትደርስ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ድምጿን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ ጉንጮቿን በሁለት እጃቸው ዳበሱና "ከስተሻል" አሏት። ናፍቆት ነው ብላ እንባዋ መጣ። ሊጡን አቡክተው፣ ኩፍ እንዲል ጨርቅ አልብሰውት ነበር። "ጸጉሬን ተስተካክዬ መጣሁ" ብለው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ኦቭኑን ስትከፍተው ራሷን ያዘች። የስንት ዓመት ቅባት ተጋግሮ ጥቁር ቅርፊት ሆኗል። እጅጌዋን ሰበሰበች። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሳ ግድግዳውን ለቀለቀችው፤ እስኪደርቅ ሳህኖቹን አጠበች፤ ከዚያ አቼቶ ረጨችበትና ሲፍለቀለቅ በሽቦ ትፈትገው ጀመር። የበሩን መስታወት በምላጭ ፋቀችው። ላቧ ጠብ እስኪል ለፋች፤ ልፋቱም ደስ አላት።

የቀረው የማዞሪያው ዙሪያ ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ድሮ ተፍቀው አልቀዋል፤ በምትካቸው ሦስት ጥቁር ጠብታዎች ተጣብቀዋል። የተቃጠለ ስኳር ነው፣ ድንጋይ የሆነ። በሽቦ ብትለው ንቅንቅ የለም። የፈላ ውሃ የጠጣ ጨርቅ ጫነችበት፤ ሁለቱ በምላጭ ለቀቁ፤ ሦስተኛው ጥፍሯን ሰብሮ ወጣ።

"አለቀልህ!" አለችው፣ እድፍን እንደ ሰው።

አባቷና ወንድሟ ደጅ ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ።

"ምንድነው አቼቶ አቼቶ የሚሸተኝ?" አሉ አባቷ።

"ኦቭንዎን አጠብኩልዎት፣ አባባ። አዲስ አስመስዬዋለሁ።"

ከዘራቸውን ጥግ አስደገፉ። "እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።"

ጀርባቸውን ሰጥተው ኦቭኑ ፊት ቆሙ። ጣታቸው በማዞሪያው ዙሪያ አንዴ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ልሙጡን ብረት ዳበሰ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ፈለገ።

ብሩሽ ክው አለች። አባቷ አያዩም። ጠብታዎቹን ስኳር አቅልጠው ያስቀመጧቸው ራሳቸው ነበሩ፤ አንዱ ለዝቅተኛ ሙቀት፣ አንዱ ለዳቦ፣ አንዱ ለኬክ። ዓይናቸው ነበሩ፤ እሷ በምላጭ ፍቃ ጣለቻቸው። የትኛው የት እንደነበረ እንኳ ልታስታውስ ብትሞክር፣ ብረቱ ያብረቀርቃል እንጂ ምልክት የለውም። ልትናገር አፏን ከፈተች። ወንድሟ የኩሽናውን በር ተደግፎ ቆሟል። ብትናገር አባባ ታውረዋል ማለቷ ነው፤ ያን ጊዜ ፍርዱ ዳቦ እንኳ አይጠብቅም። ምላሷን ነከሰች።

"ልርዳዎት፣ አባባ?" ብቻ አለች።

"አርፈሽ ተቀመጪ።" ማዞሪያውን በግምት አዞሩት።

ዳቦው ከላይ ከሰል፣ ከውስጥ ሊጥ ሆኖ ወጣ። ወንድሟ ቆረሰው፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ክፉ ሰው ቢሆን በተጣላችው ነበር። እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "አባባ፣ ምንም አይደለም" አለ።

"እጄ ከዳኝ" አሉ ሽማግሌው።

"የለም፣ እኔ ነኝ..." ብላ ስትጀምር፣ የአባቷ እጅ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ፈልጎ አገኘና ጠበቅ አድርጎ ያዛት። ሁሉን አውቀውታል።

ወንድሟ ወሬ ሊቀይር ፈልጎ ወደ ኦቭኑ ዞረ።

"ብሩሽ እኮ እጇ ወርቅ ነው" አለ። "ተከራይ ሲያየው ይወደዋል።"

አባቷ ተነሡና ግድግዳውን እየዳበሱ ሻንጣቸውን ሊያመጡ ሄዱ።