የጎላው ፊደል

አቶ ገብረ ሚካኤል ደባርቅ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ቁጭ ብለው አረጁ። አሁን መዝገቡ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው፤ ሥልጠናውን ወስዶ ፈተናውን ያላለፈ ወደ ሌሊት ጥበቃ ይዛወራል ተባለ። የደባርቅን ውርጭ ለማያውቅ ይህ ሥራ ይመስለዋል። የአቶ ገብረ ሚካኤል ደረት ግን ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ «ከብርድ ካልራቁ…» ብሎ ጀምሮ፣ የቀረውን ለባለቤታቸው ለበለጠች ነው የነገራት።

ሥልጠናውን የከፈቱት ኃላፊ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው ሰውን አሳቁ። ጠምጥሞ ያረጀውስ ምን ይሁን? እሱን አልተናገሩም፤ ሻይ ደርሷል ተብሎ ተወጣ።

አሠልጣኟ ሶልያና ከጎንደር የመጣች፣ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚነካው ሁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አቶ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር ተዋውቀው አያውቁም። «ልጄ፣ ይሄስ አልገባኝም» ቢሉ ይበቃ ነበር። ከአፋቸው አልወጣ አለ። በልጅነታቸው ደረስጌ ቆሎ ተማሪ ሳሉ፣ ትርጉሙን የማያውቁትን ግእዝ በቃላቸው ይዘው አንዲት ፊደል ሳይስቱ ለመምህራቸው ያነበንቡ ነበር። ይሄስ ለምን አይያዝም? አሉ።

ያዙታ! ሶልያና የምትነካውን ቦታ እያዩ ይውሉና፣ ቤት ሲገቡ እንደ ውዳሴ ማርያም ይቀጽሉታል።

«ከላይ ከግራ ሦስተኛዋን፤ ከተዘረጋው ውስጥ ከታች ሁለተኛዋን፤ ከዚያ የቀኙን ጥግ…»

«ከጥጉ በፊት አንድ ወደ ታች አለ ብለህ ነበር» ትላቸዋለች በለጠች ምስር እየለቀመች።

«እሰይ! ልክ ነሽ።»

«እንዲያው ግን ምን ማለት ነው?»

«እሱን ማን ጠየቀሽ! ዋናው መያዙ ነው» ብለው ሳቁ። ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው ነበር። በለጠችም ሳቃቸውን አይታ አመነች፤ ሰው ለማመን ሲቸኩል ያሳዝናል።

በልምምዱ ከወጣቶቹ ቀድመው ይጨርሱ ጀመር። ሶልያና ደስ አላት፤ አንድ ነገር ብቻ አንጀቷን በላት። ቦታውን እንዳይስቱ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ያጎነብሳሉ። ዓይናቸው ደክሞ ነው ብላ አሰበች። የፈተናው ዕለት ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገብታ፣ የእሳቸውን ኮምፒውተር ፊደል አጎላችላቸው። ደግነት እኮ ነው።

አቶ ገብረ ሚካኤል አማትበው ተቀመጡ። ከላይ ከግራ ሦስተኛዋን ፈለጉ። የለችም። ፊደሉ ሲገዝፍ ሁሉም ተገፋፍቶ ቦታውን ለቋል፤ ጥጉ ላይ የነበረው ጭራሽ ከስክሪኑ ወጥቷል። እንግሊዝኛው ገዘፈላቸው እንጂ አማርኛ አልሆነላቸውም። ከመጀመሪያው ጀምረው በሹክሹክታ አነበነቡት፤ አንድም የጎደለ የለም። አንዱን ነኩ፤ አይተውት የማያውቁት ነገር ተዘረጋ። ሌላውን ነኩ፤ ሁሉም ጠፋ።

ሶልያና በአጠገባቸው ስታልፍ ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ፊደሉን አጎላሁልዎ። አሁንስ ታየዎት?» አለቻቸው፣ ፊቷ በርቶ።

ቀና ብለው አዩዋት። ቢነግሯት ምን ታደርጋለች? የጠፋው ጠፍቷል፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው፤ ፈተናው አይመለስ፣ ጥበቃው አይቀር። እሷ ግን ይህን ይዛ ልትኖር ነው።

«ታየኝ ልጄ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጥርት ብሎ ነው የሚታየው።»

ከዚያ በኋላ ምንም አልነኩም። ሰዓቱ እስኪያልቅ፣ ሶልያና ወደ እሳቸው ዞር ባለች ቁጥር የሚሠራ ሰው እንዲመስሉ ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።